ኮምቦልቻ ኤግዚቢሽን ላይ የደመወዝና የሰው ሀብት ሶፍትዌር ይዘን ቆመን ነበር፤ ሰዉ የጠየቀን ይኼን ነው

ቦርከና (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። የደመወዝና የሰው ሀብት አስተዳደር ሶፍትዌር የምንሠራ ትንሽ ቡድን ነን። ሰሞኑን ኮምቦልቻ በነበረው የኢንዱስትሪ ባዛርና ኤግዚቢሽን ላይ ቡዝ ይዘን ነበር። እዚህ መድረክ ላይ ኤችአሩም፣ ፋይናንሱም፣ ፈረቃ የሚገባውም ስላለ የታዘብኩትን ልጻፍ ብዬ ነው።

ኮምቦልቻን የመረጥነው አውቀን ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመርቋል። ብረታ ብረቱ አለ፣ ቢራው አለ፣ ዱቄት ፋብሪካው አለ። ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ በበዛበት ከተማ ወር መጨረሻ ላይ የደመወዝ ክፍል መብራት አይጠፋም። እኛ የምንሸጠው ለዚያ ክፍል ነው።

ቡዛችን የልብስ ስፌት ማሽን ከሚሸጡ ሰዎች ጎን ነበር። ማሽኑ ሲሠራ ሰው ይሰበሰባል፤ የተሰፋውን ጨርቅ በእጁ ይዳስሳል። ሶፍትዌር የሚዳሰስ ነገር የለውም። ትልቁ ስክሪን ላይ የሠራተኛውን ብዛት፣ ከሥራ የቀረውን ሰው መጠን፣ ስንት ሰው እንደለቀቀ በግራፍ አሳይተን ነበር። ሥራ አስኪያጆች ቆም ብለው ያያሉ፣ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላሉ፣ ካርድ ሰጥተው ያልፋሉ።

ነገሩ የተለወጠው አንዲት የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ሲመጡ ነው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ባለ መስመር ወረቀት አወጡ። «የኔ ልጅ፣ ሥዕሉን ተወውና ይችን አስላልኝ» አሉኝ። በእርሳስ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ የወር ደመወዙ 5,200 ብር የሆነ ሠራተኛ ማክሰኞ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠራ። ስንት ይከፈለዋል?

ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ይመጣለታል። 5,200 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ 25 ብር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ግን ያችን ማታ ለሁለት ይከፍላታል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5 ይባዛል። ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው የሌሊት ስለሆነ በ1.75 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 75 ብር፣ የኋለኞቹ 87.50፤ ድምሩ 162.50 ይሆናል። አራቱንም ሰዓት በ1.5 የሚመታ ሲስተም 150 ብር ብሎ ይዘጋዋል። 12 ብር ከ50 ሳንቲም ከሠራተኛው ኪስ ቀረ ማለት ነው። ይኼ የአንድ ሰው የአንድ ማታ ነው፤ ፈረቃውን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ አስቡት።

የእኛ ፕሮግራም 162.50 አወጣ። ሴትየዋ ወረቀታቸውን ገለበጡት፤ ከጀርባው ራሳቸው የሠሩት መልስ 162.50 ነው። ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ቀጥለው «ግብሩ ሲቀየር ማን ነው የሚያስተካክልልኝ?» አሉ። የአዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ያው 5,200 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው ስሌት 737.50 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 540 ነው። የሳቸው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የገዛው ሲስተም ላይ የግብር ተመኑ ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ከውጭ መቀየር አይቻልም። የሸጠላቸው ሰው ስልክ አላነሳም። የዚያን ወር ደመወዝ በሙሉ በእጅ ነው የሠሩት። ይኼን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቀየረ፤ እኔም አልረሳውም።

ስለዚህ እላለሁ፦ ተመኑ ከሚጸናበት ቀን ጋር መቀመጥ አለበት። ደንበኛው ራሱ ከፍቶ ሊቀይረው ይገባል። የሰኔን ደመወዝ ዛሬ ብትከፍተው በሰኔ ተመን መቆየት አለበት። ይኼን የማያደርግ ሶፍትዌር ለፋብሪካ መሸጥ የለበትም።

ከሳቸው በኋላ ስክሪኑ ላይ የቆየው ፔይስሊፕ (የሠራተኛው የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ብቻ ነው። ሰው ቆመ። ደመወዙን፣ ትርፍ ሰዓቱን፣ 7 በመቶ የጡረታ ተቀናሹን እያነበበ ከራሱ ጋር ያስተያያል። ካርዱን የሚሰጥህ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ «ይኼ ይሠራል፣ ይኼ አይሠራም» የሚለው ግን ወር መጨረሻ ላይ እስከ ሌሊት የሚቀመጠው ሰው ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር?

—

ሐረጎ

ፓርኩ ውስጥ ኤችአር ነኝ። ቡዛችሁ ጋ መጥቼ ነበር፤ ሰው ከቦህ ስላየሁ አለፍኩ። የኔ ጥያቄ ስለ ስም ነው።

አብዛኛው ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቅሃል። የአባት ስም ታስገባለህ። ከዚያ ሠራተኛውን በአባቱ ስም ይደረድርልሃል፣ ደብዳቤም «ውድ አቶ አሊ» ብሎ ያወጣል። ሰውየው ሰይድ ነው፤ አሊ አባቱ ናቸው።

ደግሞ ወሎ ነው ያለነው። ሰይድ አሊ የሚባል ሠራተኛ ብዙ አለን። አያት ጨምረህም ሰይድ አሊ ሙሐመድ ይደገማል። ሙሐመድን አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው፣ ሌላው መሐመድ ይለዋል፤ ባንኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ የራሱ አጻጻፍ አለው። የደመወዝ ዝርዝሩ ባንክ ሲደርስ ስሙ አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል። ልጁ ያን ወር ቤት ኪራይ ሳይከፍል ይቆያል። ስለዚህ በሠራተኛ ቁጥርና በሒሳብ ቁጥር ካልሄደ ዋጋ የለውም። ፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ትንሽ ቀሎናል።

ሁለተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። 60 የሥራ ቀን ነው እንጂ ሁለት ወር አይደለም። እሁዱም በዓሉም ተቀንሶ ነው የሚቆጠር። ከ60 ካለፈ ሰውየው ቋሚ ነው፣ «በሙከራ አልበቃህም» ማለት አይቻልም። አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ጀምራ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሏ) ካስወጣችን ወዲህ የእኛ ቅጥር ወጣ ገባ ነው፤ ትዕዛዝ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው እንቀጥራለን። የሁሉንም 60 ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ማክበብ አድካሚ ነው። አስቀድሞ የሚያስታውሰኝ ነገር ብትሠሩ ነገ እገዛለሁ።

—

ፈረቃ ሁለት

እኔ ገዢ አይደለሁም፤ አሻራ የሚነካ ነኝ።

እጄ በሥራ የሻከረ ነው። ጠዋት ማሽኑ ላይ ጣቴን አደርጋለሁ፣ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። አጠብኩ፣ ጠረግኩ፣ ሌላ ጣት ሞከርኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ይጮሃል። ሲያነብልኝ ሰዓቱ አልፏል፣ ዘግይቷል ተብዬ ተቆረጠብኝ። ቅሬታ ሳቀርብ «ሲስተሙ ነው» ተባልኩ። ሲስተሙን ማን ጠይቆት ያውቃል? እናንተ ሻጮች ቡዝ ላይ ስትቆሙ ስለ እኛ የሚጠይቃችሁ አለ ወይ?

—

ቦርከና

@ፈረቃ ሁለት ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ቡዙ ላይ ይኼን የጠየቀኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። የሚበዛው የጠየቀኝ «ቀሪ ለመያዝ ይጠቅማል ወይ» የሚለውን ነው።

በእጅ የሚሠራ ሰው አሻራው ስለሚፋቅ ማሽኑ ላያነበው ይችላል፤ የታወቀ ችግር ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ግድ ነው፦ ካርድ ወይም የይለፍ ቁጥር። አንብቦ ያልተቀበለውንም ሙከራ ማሽኑ ከነሰዓቱ መዝግቦ መያዝ አለበት። 1 ሰዓት ከ55 ላይ ሞክረህ እንዳላነበበህ ከታየ ዘገየህ ልትባል አትችልም። ሰዓት ተቆጣጣሪው ሲያስተካክልም ማን አስተካከለ፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ይጻፍ።

መብትህንም እወቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስላንተ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተ ከሆነ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለህ። አሻራ ደግሞ እንደ ማንኛውም ዳታ የሚታይ አይደለም፤ ጥብቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። የወሩን የመግቢያና መውጫ ሰዓትህን አትመው እንዲሰጡህ በጽሑፍ ጠይቅ።

—

ገራዶ ልጅ

ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቅኩ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ለምን ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚገኝ ሰርቨር) አታደርጉትም? ሰርቨር መግዛት የለ፣ ጥገና የለ፣ ባክአፕ በራሱ ይሄዳል። ፋብሪካው የሚፈልገው ብራውዘር ብቻ ነው።

—

ሐረጎ

@ገራዶ ልጅ ወንድምዬ፣ ከነሐሴ 2015 በኋላ የት ነበርክ? የሞባይል ዳታ በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር እኮ። ደመወዝ ግን አልተቋረጠም፤ ሠራተኛ ይበላል፣ ይከራያል። ኔት ሲኖር የሚያመሳስል፣ ኔት ሲጠፋ እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነው የሚያስፈልገን። መብራቱም ይጠፋል፤ በጄኔሬተርና በመብራት ኃይል መካከል ባለችው ጊዜ ውስጥ ግማሽ የተሠራ ፔሮል (የደመወዝ ስሌት) መበላሸት የለበትም።

—

ጦሳ ሥር

ልጆች፣ እኔ ብዙ ዘመን ደሴ ውስጥ መዝገብ ቤትና ፐርሶኔል የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ኔትወርኩ የተባለው ልክ ነው። እኔ ሌላ ልጨምር።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቢሮ ዘግተን ወጣን። ህዳር መጨረሻ ስንመለስ የማህደር ክፍሉ በር ተሰብሯል። ኮምፒውተሩ የለም። ካቢኔቶቹ ተገልብጠው ወረቀቱ ወለል ላይ ነው፤ ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ረጥቧል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ እድገት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ፣ የሃያና የሠላሳ ዓመት ታሪክ ነው እሱ። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛችን ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የተቀጠረበትን ቀን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ፍለጋ ቤቱን፣ ባንኩን፣ የጡረታ ጽሕፈት ቤቱን ስንዞር ከረምን። ዱሮ ፎቶ ኮፒ ያደረጋት የቅጥር ደብዳቤ ቁርኣኑ ውስጥ ተጣጥፋ ተገኘች። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ተርፏል። ያልተረፈላቸው አሉ።

እና ሻጩ ልጄ፣ እኔ ቡዝህ ላይ ብመጣ የምጠይቅህ አንድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለቱም ቢዘጉ የሠራተኛው ማህደር የት ይገኛል?

—

ቦርከና

@ጦሳ ሥር ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይኼን መጻፍዎ ለሁላችንም ይጠቅማል። የምናደርገው ይኼ ነው። ሥራው ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ይሄዳል። በየቀኑ ማታ የተቆለፈ ቅጂ ይወጣል። ኔት ሲገኝ ከክልሉ ውጭ ወዳለ ቦታ ይሄዳል፤ ኔት ከሌለ በሃርድ ዲስክ ተይዞ ድርጅቱ በመረጠው ሌላ ከተማ ይቀመጣል። የድሮውን ወረቀት ስካን አድርጎ በየሰው ቁጥር ማስገባትም የሥራችን አካል ነው። ከሁሉ ቀድሞ መግባት ያለበት የቅጥር ደብዳቤና የጡረታ መዋጮ ነው የሚለውን ከእርስዎ ወስጃለሁ።

—

መገናኛ

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ እኔም ሶፍትዌር እሸጣለሁ። አትቀየሙኝና ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ ኤግዚቢሽን ኪሳራ ነው። የቡዝ ኪራይ፣ ባነር፣ ብሮሸር፣ 375 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አልጋ። ተመልሰህ ስትደውል ካርድ የሰጠህ ሁሉ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይልሃል። ያን ገንዘብ ይዘህ ድርጅቶቹን በር በር ብትዞር ይሻላል።

—

ቦርከና

@መገናኛ በወጪው እስማማለሁ፤ በቀረው አልስማማም። በር በር ስትዞር የምታገኘው ጥበቃውንና ጸሐፊዋን ነው፣ ከተሳካልህ ሥራ አስኪያጁን። የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛዋን አታገኛትም፤ ቢሮዋ ከኋላ ነው፣ ጊዜም የላትም። ኤግዚቢሽን ላይ ግን ከሥራ ወጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ አለቃዋ ሳይኖር ትመጣለች። የልቧን ትናገራለች። ያን ወረቀት በር በር ዞሬ አላገኘውም ነበር።

ሽያጩን በተመለከተ፣ እዚያው የሚገዛ የለም፤ መጠበቅም የለበትም። የግል ድርጅት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ በጀቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ እቅዱ ውስጥ ለመግባት ቀድመህ መታወቅ አለብህ። ስደውል «እኔ እንትና ነኝ» አልልም። የራሳቸውን ሠራተኛ ደመወዝ ስም ሳይጠቀስ አስልቼ ቀድሜ እልካለሁ። ስልክ የሚያነሱት ያኔ ነው።

—

መርሳ

የበዓል ነገር አልተነሳም እኮ! እኛ ጋ በዓል የሁለቱም ነው፤ ፋብሪካውም በሁለቱም ይዘጋል። ገናና ጥምቀት ቀኑ ይታወቃል። ዒድ ግን ጨረቃ ታይታ ነው። የምሽት ፈረቃ ገብቶ እየሠራ «ነገ ዒድ ነው» ይባላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት የበዓል ነው ወይስ የተራ ቀን ትርፍ ሰዓት? በዓል ከሆነ በ2.5 ነው የሚባዛው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ሲስተም የዓመቱን በዓል በሙሉ መስከረም ላይ ቆልፎብን አይተናል። ዒድ በአንድ ቀን ሲሸሽ የሚቀይረው ጠፋ።

ረመዷን ላይ ደግሞ ፈረቃው ራሱ ይቀየራል፤ ለማፍጠሪያ እረፍት ይሰጣል። ጁምዓም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ዓርብ ምሳው ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ ብዙ የግል ድርጅትም ይኼን ይከተላል። የአሻራ ማሽኑ ግን ዓርብን ከሐሙስ አይለይም፣ ለሶላት የወጣውን «ቀሪ» ይለዋል።

ጳጉሜስ? ለወር ደመወዝተኛው ለብቻ አይከፈልም፤ የቀን ሠራተኛው ግን የሠራባትን ያገኛል። በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ያኔ ምን ሊሆን ነው?

—

ቦርከና

@መርሳ አብሽር፣ ጳጉሜ እንደ ራሷ ወር ገብታለች፤ 5ም ትሁን 6። የቀን ሠራተኛው ለብቻው ይሰላል፤ የወር ደመወዝተኛው የጳጉሜ ትርፍ ሰዓት ድርጅቱ እንደመረጠው ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጋር ይገባል። በዓል ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይከፈታል፤ ኤችአሩ ሌሊት በስልኩ ቢቀይረው ጠዋት ስሌቱ ተስተካክሎ ይገኛል። የምሽት ፈረቃው ላይ ግን እኛ አንወስንም። ድርጅቱና የሠራተኛ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ይጻፉት፤ እኛ የተጻፈውን እናስገባለን። የዓርቡን ነገር በየፈረቃው ለብቻ ማስቀመጥ ይቻላል።

—

ሐይቅ ዳር

ሐይቅ ላይ አነስተኛ ሆቴል አለችኝ። ሠራተኛዬ ከሃያ አይበልጥም። ለኔ ዓይነቱ ይጠቅማል ወይስ የትልልቆቹ ነው?

—

ቦርከና

@ሐይቅ ዳር እህቴ ወይም ወንድሜ፣ እንዳንቺ ላለ ድርጅት ኤክሴል ይበቃል፤ ገንዘብሽን አታውጪ። (ወንድም ከሆንክ ይቅርታ።)

የደመወዝ ግብሩ እንዲህ ነው፦ እስከ 2,000 ብር ነጻ። ደመወዙ እስከ 4,000 ከሆነ ሙሉውን በ15 በመቶ ምቺና 300 ቀንሺ። እስከ 7,000 በ20 በመቶ፣ 500 ቀንሺ። እስከ 10,000 በ25፣ 850 ቀንሺ። እስከ 14,000 በ30፣ 1,350 ቀንሺ። ከዚያ በላይ በ35፣ 2,050 ቀንሺ። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ካንቺ 11 በመቶ ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ይኼን በአንድ ገጽ ሠርተሽ በየወሩ ቅጂውን ለሒሳብ ሠራተኛሽም ላኪለት። ሠራተኛሽ ሲበዛና ፈረቃ ሲመጣ ያኔ እንነጋገራለን።

—

ሐይቅ ዳር

እህት ነኝ፤ አልሳትክም። ሻጭ ሆኖ «አትግዢ» የሚል አላጋጠመኝም ነበር፣ አላህ ይስጥህ። በሐይቅ ስታልፍ ዓሣ አለ።

—

ጦሳ ሥር

አንድ ቀርቶኛል። ውሉ ሲያበቃ፣ ወይም እናንተ ብትዘጉ፣ ዳታው የማን ነው?

—

ቦርከና

ጋሼ፣ የድርጅቱ ነው። በውላችን ላይ አለ፦ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ማህደር፣ የደመወዝና የጡረታ ታሪክ በኤክሴልና በፒዲኤፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይረከባል። ርክክቡም እስኪፈረም ሲስተሙ አይዘጋም።

—

ሐረጎ

ያችን አንቀጽ እንዳለች እዚህ ለጥፋት። ሰኞ የግዢ ኮሚቴ አለን፤ ከማንም ብንገዛ ውሉ ውስጥ አስገባታለሁ።

—

ፈረቃ ሁለት

ያልተነበበ አሻራ ከነሰዓቱ ይመዝገብ የሚለውንም ጨምርበት።

—

ሐረጎ

ጨምሬዋለሁ።